ለክፉ ቀን የሚሆን አየር

ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይላል ያገራችን ሰው። ብቻውን ስለሚተነፍስ የተናገረው ነገር ግን የለም። አበው ይህን የዘለሉት ረስተው አይመስለኝም፤ እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ይወጣናል ብለው ስላልጠረጠሩ ነው። እኛ ዘንድ እኮ ቡና እንኳ ለብቻ ከተጠጣ እንደ ቡና አይቆጠርም። ሐኪም ቤት የሚሄድን ሰው ሦስት አስታማሚ ይከተለዋል፤ ሁለቱን ከበሽተኛው የባሰ ያማቸዋል። አንድ መንገደኛ ለመሸኘት ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ኤርፖርት ይወርዳል። ከእንዲህ ያለ ሕዝብ ወጥቶ፣ ሲሊንደር አዝሎ፣ ጎማ ነክሶ፣ ለብቻው 30 ሜትር ውሃ ውስጥ የሚወርድ ሰው ዘመዶቹ ጠበል ቢፈልጉለት አይፈረድባቸውም።

ያ ሰው እኔ ነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው፤ ባሕሩ ከሰፈራችን ራቅ ስለሚል በአብዛኛው የምጠልቀው የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ፣ ሥራው ሲቆም የከርሰ ምድር ውሃ የሞላው ጉድጓድ በዚህ አገር የጠላቂ መለማመጃ ይሆናል። ባለቤቶቹ አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ፣ ጀልባ፣ አንዳንዴም የአውሮፕላን ቀፎ ያሰምጡበትና መግቢያ ያስከፍላሉ። ሰው ከፍሎ፣ የጎማ ልብስ ለብሶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ወርዶ አውቶቡስ አይቶ ይወጣል። ሄይማርኬት ያለው ሚልብሩክ የተባለው ካባ ደግሞ በሳይንስ ሰዎችም ዘንድ ስም አለው፤ ዚብራ መስል የምትባል ጥፍር የምታህል ወራሪ ዛጎል ገብታበት እ.ኤ.አ. በ2006 ፖታሲየም ክሎራይድ በገፍ ጨምረው ዘሯን አጥፍተውበታል። ጠላቂው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጠፋ ዘር አይደለም።

ብቻዬን መጥለቅ መጀመሬ በቤተሰብ ሲሰማ አስተያየቱ ከየአቅጣጫው መጣ። ባለቤቴ፣ «ብቻህን መሆን ካማረህ ምድር ቤቱ ባዶ ነው» አለችኝ። የእድራችን ሊቀመንበር በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ «ልጄ፣ ነገሩ እንዳይከፋህ። ደንባችን በሕመም፣ በአደጋ፣ በእርጅና ይላል። ገንዘብ ከፍሎ፣ ወዶ፣ ብቻውን ውሃ ውስጥ የገባን የሚመለከት አንቀጽ የለንም። ኮሚቴው እያየው ነው» አሉኝ። ኮሚቴው እስካሁን እያየው ነው። እናቴ ግን ከአዲስ አበባ ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኦክሲጅኑ ቢያልቅብህስ?»

ከሁሉም ጥያቄ ቁም ነገር ያለው የእሷ ነው። (በነገራችን ላይ፣ የምንይዘው ተራ አየር እንጂ ኦክሲጅን አይደለም፤ ንጹሕ ኦክሲጅን ይዞ ከ6 ሜትር በታች የወረደ ሰው ኦክሲጅኑ ራሱ መርዝ ሆኖ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። የምትፈራው ነገር እኔ ሳልጨምርላትም ሞልቷታል።)

የዳይቪንግ ትምህርት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሰብከው ጥንድ ሆኖ መግባትን ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለውን ፈረንጆቹ ሳይሰሙት ሕግ አድርገውታል። በመጽሐፉ መሠረት ጓደኛህ ዓይኑን ከአንተ ላይ አይነቅልም፤ የዓሣ መረብ ቢተበትብህ ይቆርጥልሃል፤ አየር ቢያልቅብህ ከራሱ ሲሊንደር ያካፍልሃል። በተግባር ግን ይህ ጓደኛ ካባው በር ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ የተዋወቅከው ሰው ነው። ስሙን በቅጡ ሳትይዝ ነፍስህን ታስይዘዋለህ። ካሜራ ካለው ደግሞ አለቀልህ። አንዲት ዓሣ ላይ አፍጥጦ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ አንተ ሞተህ፣ ተቀብረህ፣ ተዝካርህ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካለው ጋር መግባት ብቻ ከመግባት የሚለየው ሰው አለኝ ብለህ በመዘናጋትህ ነው።

ይህን ያዩ ሰዎች ናቸው ብቻ መጥለቅን ከድብብቆሽ አውጥተው ትምህርት ያደረጉት። ኤስ ዲ አይ የተባለው አሠልጣኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ብቻውን ለሚጠልቅ ሰው ኮርስ ከፈተ፤ ዕድሜህ 21 ካልሞላና 100 ጊዜ ጠልቀህ ካልመዘገብክ አይቀበልህም። ፓዲ የተባለው ሌላ አሠልጣኝ ድርጅትም ራስን መቻል የሚል ስም ሰጥቶ የራሱን አመጣ። ኮርሱ ብዙ ምዕራፍ አለው፤ ሲጨመቅ ግን ይህችው ናት፦ ጓደኛህን ቤቱ ትተኸው ከመጣህ፣ ሲሊንደሩን ይዘህለት ና።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የማንኛውም ጠላቂ ዋናው መተንፈሻ አፉ ላይ ሆኖ፣ ሌላ ሁለተኛ መተንፈሻ ቢጫ ጎማ ተደርጎለት ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል። ኦክቶፐስ ይሉታል። ብቻውን የሚገባ ሰው ይህን እያሳየ «ይኸው መጠባበቂያዬ» ሲልህ የአዲስ አበባ ሰው ከሆንክ ነገሩ ወዲያው ይገባሃል። ሮቶው ደርቆ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲያፏጭ፣ እሱን ዘግተህ የመታጠቢያ ቤቱን ብትከፍት ምን ይወጣል? ንፋስ። ውሃ ውስጥ ንፋሱም የለም። ቢጫው ጎማ የሚቀዳው ከዚያው ሲሊንደር ነው፤ የተሠራውም ለባለቤቱ ሳይሆን አየር ላለቀበት ሌላ ሰው እንዲሰጥ ነው። መጠባበቂያ የሚባለው የራሱ ሲሊንደር፣ የራሱ ቫልቭ፣ የታመቀውን አየር በትንፋሽ ልክ የሚያወርድ የራሱ ሬጉሌተር ያለው፣ ዋናው ሲሞት የማይታመም ነገር ነው።

የድሮዎቹ ይህንንም አያውቁም ነበር፤ ያወቁትም አቅም አልነበራቸውም። ጠላቂው ዣክ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ ሬጉሌተራቸውን ሲሠሩ መነሻው ጋኛን በጦርነቱ የነዳጅ እጥረት ጊዜ በጋዝ ለሚሄዱ መኪናዎች ያዘጋጀው ቫልቭ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ጠላቂው ስንት አየር እንደቀረው የሚነግረው ጌጅ እንኳ አልያዘም። የነበረው ጄ ቫልቭ ነው። በውስጡ ያለ ሞላ፣ ሲሊንደሩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ አየሩን ያንቃል፤ ትንፋሽህ ሲከብድህ እጅህን ወደ ኋላ ሰድደህ ሽቦውን ትጎትታለህ፣ የቀረችው ትለቀቅልሃለች፣ ወደ ላይ ትወጣለህ። ሸጋ ዘዴ ነው። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ ሽቦው ሲገቡ ከድንጋይ ወይም ከገመድ ጋር ተነካክቶ ቀድሞ ወርዶ ከሆነ፣ ያቺ የቀረችው እኔ አለሁ ሳትል ከሌላው አየር ጋር ተተንፍሳ አልቃለች። ሰውየው በጭንቅ ሰዓት ሽቦውን ሲጎትት ተጎትቶ ያገኘዋል። ለክፉ ቀን ያስቀመጥካትን ገንዘብ ቤተሰብ ቀድሞ አውጥቷት ስታገኝ የሚሰማህን ታውቀዋለህ፤ እሱን 20 ሜትር ውሃ ውስጥ አስበው።

ዛሬ ጌጁም ኮምፒውተሩም ስላለ ሰው አየር ሳያስበው የሚያልቅበት ከተዘናጋ ብቻ ነው። ጥንቁቁን የሚያገኘው ሌላ ነው። ዘመናዊ ሬጉሌተር ሲበላሽ በአብዛኛው ይከፈታል እንጂ አይዘጋም፤ ሆን ተብሎ እንዲያ ተሠርቷል። መልካም ነው፤ ግን የተከፈተው ካልተዘጋ ሙሉ ሲሊንደር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እየተንፎለፎለ ያልቃል። የካባ ውሃ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። በሐምሌ ላዩ ሞቆ ይጠብቅህና ታች ስትደርስ ከ10 ዲግሪ በታች ይሆናል። የታመቀ አየር ሲለቀቅ በራሱ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨመርበት ሬጉሌተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራና ቫልቩን ከፍቶ ይይዘዋል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሲባል የሰማሁት ስለ ወንዝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ምን እንግዛ ወደሚለው እንምጣ። ዱባይ ሲሠራ መጥለቅ የተማረ አንድ የሰፈራችን ልጅ አለ። ዕቃ አውቃለሁ ባይ ነው፤ ማወቁስ ያውቃል፣ ችግሩ ዕቃን በመልኩ መውደዱ ነው። ሱቅ አብረን ሄድን። ጠላቂዎች ፖኒ የሚሏቸው ትንንሽ ሲሊንደሮች በቁመታቸው ተደርድረው ቆመዋል፤ አሜሪካኖች በሚይዙት አየር ልክ በኪዩቢክ ፉት ስለሚጠሯቸው ስማቸው 6፣ 13፣ 19፣ 30፣ 40 ነው። ጓደኛዬ ወደነሱ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ መስታወት ውስጥ ወዳለችው ስፔር ኤር ሄደ። ቢጫ ናት። ከክንድ አትረዝምም። መተንፈሻዋ አናቷ ላይ ተገጥሟል፤ ጎማ የላት፣ ጣጣ የላት።

«አንተ፣ እያት እስቲ! ጎንህ ላይ ሻጥ ነው እኮ። ይህን ሁሉ ቀፎ ምን ያሸክምሃል?»

«ስንት ትይዛለች?»

«ለመውጫ ትበቃለች።»

«ከየት ለመውጫ?»

ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይወድም። ሻጩ ጣልቃ ገብቶ ትልቋ 3 ኪዩቢክ ፉት እንደምትይዝ ነገረን፤ 85 ሊትር መሆኗ ነው። ዕቃዋን አላጣጥልም። የዚህ ዓይነት ትንንሽ መተንፈሻ የሄሊኮፕተር ሠራተኞች ይይዙታል፤ ሄሊኮፕተሩ ውሃ ላይ ወድቆ ሲገለበጥ ቀበቶ ፈትቶ፣ በር ፈልጎ፣ ጥቂት ሜትር ሽቅብ ለመውጣት የምትበቃ ትንፋሽ ትሰጣለች። ለዚያ ሥራ ማለፊያ ናት። 30 ሜትር ግን ሌላ አገር ነው። ሻጩ ይህን ሳይናገር ወደ 13ቷ መራን። «ብዙ ሰው የሚወስደው ይችን ነው» አለ፤ ለምን እንደሚወስዳት ለማወቅ ማንሣት ብቻ ይበቃል። ቀላል ናት። ሰው ሁሉ ፖኒ የሚመርጠው ሱቅ ውስጥ በሚያነሣበት ክንዱ ነው፤ ታች ሆኖ የሚተነፍስበት ሳንባው አብሮት ሱቅ የሄደ አይመስልም።

ሳንገዛ ወጣን። ማታ የቤቱን ሒሳብ ከምትይዘው ሰው ጋር ወጥ ቤት ተቀመጥን። ባለቤቴ ዳይቪንጉን አትወድም፣ ሒሳብ ግን ትወዳለች፤ እስክሪብቶ አነሣችና በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጀመረች።

«በደቂቃ ስንት ሊትር ትስባለህ?»

«ረጋ ካልኩ 15፣ ቢበዛ 20።»

«ስትደነግጥስ?»

«አልደነግጥም።»

«ባለፈው ምድር ቤት አይጧን ያየህ ጊዜ ስንት ነበር?» ብላ 40 ጻፈች። አንድ ሰዓት ያህል ስለገዛ ትንፋሼ ተከራክሬ 30 ላይ አስማማኋት።

የቀረው ማባዛት ነው። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ 30 ሜትር ላይ ላዩ ካለው አራት እጥፍ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዷ ትንፋሽ የአራት ትንፋሽ አየር ትወስዳለች። በደቂቃ 30 የነበረው 120 ሊትር ሆነ። የጓደኛዬ ቢጫ ቆንጆ በዚህ ሒሳብ 45 ሰከንድ አትሞላም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰው መደንገጡን እንኳ አይጨርስም። ባለቤቴ ቀጠለች፤ ምን እንደተበላሸ ለማየትና መተንፈሻ ለመቀየር አንድ ደቂቃ፣ 120 ሊትር። ሳይቸኩሉ በደቂቃ 9 ሜትር እያሉ 5 ሜትር ድረስ መውጣት፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ፣ 230። 5 ሜትር ላይ ናይትሮጅኑ ከደም እንዲወጣ ለጥንቃቄ ሦስት ደቂቃ ማረፍ፣ 135። የቀረችዋን መንገድ ለመጨረስ 20። ድምሩ ከ500 ትንሽ አለፈ።

13ቷ 370 ሊትር ገደማ ናት፤ 5 ሜትር ላይ ታደርስህና እጇን ታጥባ ትሄዳለች። 19ኟ 540 ይዛ ትደርሳለች። እኔ እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ «በቃ 19!» አልኩ።

ባለቤቴ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ባቄላ ስትገዛ ምርቃት ካልተጨመረልህ አትንቀሳቀስም። አየር ስትገዛ ልክክ አድርገህ ታስለካለህ?»

እውነቷን ነው። 540 የሚለው ሲሊንደሩ እስከ አፉ ሲሞላ ነው፤ ትንሽ ተንፍሶ ከቆየ፣ ወይም የሞላው ልጅ ቸኩሎ ከነበረ፣ ምርቃቷ ቀርታ ዋናውም ይጎድላል። 30ዋ 850 ሊትር ትይዛለች፤ ባዶዋን ከ5 ኪሎ ብዙም አታልፍም፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ክብደቷ አይታወቅም። እሷን ገዛሁ። 15 ሜትር ለማያልፍ ሰው 13ቷ ትበቃዋለች፤ እኔም ይህን ለጓደኛዬ ነግሬው ነበር። እሱ ግን ቢጫዋን ገዛት፤ አሁን መኪናው ውስጥ መስታወቱ ሥር ተቀምጣ ለተሳፋሪው ሁሉ ትታያለች።

ሌላም መንገድ አለ፣ አለ ለማለት ያህል ልጥቀሰው። ሁለት ትልልቅ ሲሊንደር ጀርባ ላይ አጣምረው መካከሉ ላይ መዝጊያ የሚያደርጉ አሉ፤ ዋሻ ለሚገባና ወገቡ ለሚችል ተገቢ ነው። ሁለቱን በግራና በቀኝ ጎናቸው አንጠልጥለው የሚገቡም አሉ፤ ቫልቩ ሁሉ ዓይንህ ሥር ስለሚሆን ብቻውን ለሚጠልቅ ሰው እንደሱ የሚመች የለም፣ ለብሶ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ ግን ሙሽራ ያስንቃል። አንድ ሲሊንደር ላይ ሁለት አፍ ያለው ቫልቭ ገጥመው ሁለት ሬጉሌተር የሚሰኩ ሰዎች ደግሞ የሬጉሌተሩን ነገር ፈቱ፣ የሮቶውን ነገር ግን እንዳለ ትተውታል።

ፖኒን ከመግዛት የሚከብደው የት እንደሚታሠር መወሰን ነው። ጀርባ ላይ ከትልቁ ሲሊንደር ጎን ያስሩታል፤ ያምራል፣ ቫልቩ ግን የሚታየው ላንተ ሳይሆን ለዓሣው ነው። እኔ በግራ በኩል ከትከሻዬ ወደ ወገቤ አንጠለጥላታለሁ፤ ቫልቧ ደረቴ አጠገብ ስለሆነ በእጄ እደርስበታለሁ፣ ጌጇንም ዝቅ ብዬ አነባለሁ። መተንፈሻዋን በላስቲክ አንገቴ ላይ አስሬ አገጬ ሥር አደርጋታለሁ፤ እጅ ሳላነሣ በአፌ ብቻ ፈልጌ እነክሳታለሁ። ቫልቧ ክፍት ይሁን ዝግ በሚለው ላይ ጠላቂዎች እንደ ሊቃውንት ጉባኤ ተከራክረው አልተስማሙም። ክፍት ከሆነ ሳታይ ልትንጠባጠብ ትችላለች፤ ዝግ ከሆነ ደንግጠህ መክፈት አለብህ። እኔ ክፍቱን መርጫለሁ። አንጠባጥባ ብታልቅብኝ ጌጇ ይነግረኛል፤ በድንጋጤ ሰዓት ግን ጣቶቼ ምን እንደሚሠሩ የሚነግረኝ የለም።

በዚህ ሙያ የታወቀ አንድ ቀልድ የሚመስል አደጋ አለ። ሁለቱም መተንፈሻ ጥቁር ሲሆኑ ሰውየው ሳያውቅ ፖኒውን ነክሶ ይገባል። ታች ወርዶ የትልቁን ሲሊንደር ጌጅ ያያል፤ አልቀነሰም። ትንሽ ቆይቶ ያያል፤ አሁንም ሙሉ ነው። «ዛሬስ እንዴት ተረጋግቻለሁ!» ብሎ በራሱ እየኮራ ሲዋኝ ትንፋሹ ድርቅ ይላል። ዋናው ሙሉ ስለሆነ ቀይሮ ይወጣል፤ መጠባበቂያ የሌለው፣ ትዕቢቱም የወጣለት ሰው ሆኖ ማለት ነው። ስለዚህ የፖኒዬን መተንፈሻ ከዋናው በመልኩም በመዳሰሱም እንዲለይ አድርጌዋለሁ፤ የሚነከሰው ላይ ጉጥ ያለው ጎማ አለበት፣ ጥርሴ ራሱ ያውቀዋል።

ፖኒ ትንሽ ናት ተብላም ከግብር አታመልጥም። በዚህ አገር ማንኛውም ሲሊንደር በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻል፣ በየዓመቱ ደግሞ ውስጡ በብርሃን ይታያል፤ ማኅተሙ ካለፈበት ሱቁ አይሞላልህም። አውሮፕላን ላይ ይዘሃት ልትሄድ ካማረህ ቫልቧ ወልቆ፣ አፏ ክፍት ሆኖ፣ ፈታሹ ውስጧን በዓይኑ እንዲያይ መሆን አለበት። ወደ ፍሎሪዳ ስሄድ ባለቤቴ ይህን ሰምታ፣ «ባዶዋን ከምትሄድ ለእህቴ ሽሮ እንሙላባት» ብላኝ ነበር። የአየር መንገዱን ሕግ ሳይሆን ከሽሮ በኋላ የሚሞላውን አየር አስቤ አይሆንም አልኳት። እህቷ እስካሁን አኩርፋኛለች።

አየር የማይፈታው ነገርም አለ። ልብህ ካስቸገረህ 30ም 40ም ኪዩቢክ ፉት አይረዳህም፤ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን እግርህን ከያዘ የሚያስፈልግህ መቁረጫ ነው፣ ለዚያም ሁለት መቁረጫ በሁለት ቦታ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልምምድ። መተንፈሻ አንገትህ ላይ ስላለ አፍህ ያገኘዋል ማለት አይደለም፤ እስኪሰለችህ ካልቀያየርከው ዕቃው ጌጥ ነው።

እኔ ልምምዱን በክረምት ሳሎን ውስጥ ነው የምሠራው። ዕቃውን ሁሉ አስሬ፣ ዓይኔን በፎጣ ሸፍኜ፣ ልጄ ሳታስጠነቅቀኝ «አሁን!» ስትል ዋናውን ተፍቼ መጠባበቂያውን እነክሳለሁ። ልጄ ይህን ጨዋታ በጣም ትወደዋለች፤ አንዳንዴ የቤት ሥራዋን እየሠራች ከሌላ ክፍል «አሁን!» ትላለች። ባለፈው በዚህ መካከል ስልክ ጮኸ። ልጄ አንስታ ቪዲዮውን ወደ እኔ አዞረችው። ፎጣውን ሳወርድ እናቴ ከአዲስ አበባ አፍጥጣ እያየችኝ ነው።

«በስመ አብ! ያ አፍህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አወጣሁት። «መተንፈሻ ነው፣ እማዬ። ያልኩሽ።»

«አገጭህ ሥር ያለውስ?»

«እሱ የመጠባበቂያው ነው። ባለፈው ቢያልቅብህስ ብለሽኝ አልነበር? ዋናው ቢያልቅ፣ ቢበላሽ፣ ይቺ ትንሿ ለብቻዋ የራሷ አየር አላት። በሷ እወጣለሁ።»

አሰላሰለችው። የተዋጠላት መሰለኝ። «ሁለቱም የራስህ ናቸው?»

«አዎ፣ የራሴ።»

«አንተ ልጅ! ታዲያ ሰው ቢመጣብህ ምን ልትሰጠው ነው?»

ውሃው ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ ማንም አይመጣም ልላት ነበር። ግን እሷን አውቃታለሁ። ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫውን ጎማ አንስቼ ወደ ስልኩ አስጠጋሁት። «ይኸው። ይህ የእንግዳ ነው።»

«እሱስ ደግ ነው» አለች። «ቢጫ መሆኑም ጥሩ። ፈልጎ አይቸገርም።»